የአባቴን ፎቶ ከጠመንጃ ጋር ለሸጥከው

ደምሴ፣

ከቀበርንህ ዛሬ አሥር ወር ከአራት ቀን ሆነ። ሰው ለሞተበት ሲጽፍ «ውዴ» ብሎ እንደሚጀምር አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ብዬ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ አሁን ልዋሽህ አልፈልግም። ተናድጄብሃለሁ። የሞተ ሰው ላይ የተናደዱትን ንዴት ምን እንደሚያደርጉት ስላላወቅሁ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሩት ፈተናዋን አልፋ ነርስ ሆናለች። የጋራዡ በር አሁንም ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ብልሃቱን የምታውቀው አንተ ብቻ ስለነበርክ እኔ በእርግጫ ነው የማስኬደው። ቫንህን ሸጥነው። ነርሲንግ ሆሙን አልተውኩም፣ ወደ ቀን ሺፍት ግን ዞሬያለሁ። ቤዝመንት ያለው የጠመንጃ ካዝናህ ባዶ ነው። አዎ፣ ባዶ ነው። እንዴት ባዶ እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታቋርጠኝ ትሰማለህ።

ዋይትሆል አፓርትመንት እያለን፣ ዌርሀውስ አብሮህ የሚሠራ ሰውዬ ገን ሾው ወደሚሉት የጠመንጃ ገበያ ይዞህ የሄደ ቀን ትዝ ይለኛል። ስትመለስ ዓይንህ ቀልቶ ነበር። «የእኛ አገር ጠመንጃዎች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው አየሁ፤ የአንበሳ ማኅተም ተመትቶባቸዋል፣ አንዱ ሰደፉ ላይ በአማርኛ የሰው ስም ተቀርጾበታል» አልከኝ። ከድሮ መጋዘን ወጥተው በጅምላ የተሸጡ፣ በኮንቴይነር እዚህ የገቡ ናቸው አልክ። ፈረንጆቹ ጽሑፉን ማንበብ ስላልቻሉ አንተ አነበብክላቸው፣ እነሱም ዙሪያህን ከበው ሰሙህ። ስንት ዓመት ሙሉ ካርቶን ስትጭን ስምህን አስተካክሎ የሚጠራህ ያልነበረ ሰውዬ፣ ያን ቀን «ሰር» ተባልክ። ጠመንጃዎቹን የሚሸጠው ነጋዴ «የሚቀጥለው ወርም ና» አለህ። አዘንኩልህ፣ ደስም አለኝ። ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ እሱን አልክድም።

ከዚያ በኋላ ምን ወሬ ነበረን? እራት ላይ ጠመንጃ፣ መኪና ውስጥ ጠመንጃ። እኔ የአረጋውያን ዳይፐር ስቀይር ውዬ ወገቤን ይዤ ስገባ፣ አንተ አንዱን ምንሽር ሶፋ ላይ አጋድመህ ታስተምረኝ ነበር። «አሮጌ ብረት ለምን ይህን ያህል ያወጣል?» ስልህ ዓይንህ ያበራ ነበር። ከእንግዲህ የሚሠራቸው የለም አልከኝ። የቀሩትንም ሰው ለአደን እያለ አፈሙዛቸውን ቆርጧል፣ እንጨታቸውን ፍቆ ቫርኒሽ ቀብቷል፤ ስለዚህ ሳይነካ የቀረው በየዓመቱ እያነሰ ይሄዳል አልከኝ። መቀርቀሪያው ላይ ያለው ቁጥርና አፈሙዙ ሥር ያለው ቁጥር አንድ ከሆነ ዋጋው ይዘላል፣ የአገሩ ምልክት ካልተፋቀ ደግሞ ይጨምራል አልከኝ። ይህን ሁሉ ነገርከኝ። ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚያስጨምረውን ግን ሳትነግረኝ ሞትክ። እሱን ሌላ ሰው ነገረኝ።

ወደ ፒከሪንግተን፣ ወደ አሁኑ ቤታችን፣ የገባን ሰሞን የአባቴ ፎቶ ጠፋ። አባቴ ሲሞት ስምንት ዓመቴ ነበር። ፊቱን የማስታውሰው ሰፊ ካፖርት ለብሶ በተነሳው በዚያ ፎቶ ብቻ እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሳጥኑን ሁሉ ገለበጥኩ፣ የወጥ ቤቱን ዕቃ የጠቀለልንበትን ጋዜጣ አንድ በአንድ ፈታሁ። አንተስ? ባትሪ ይዘህ አልጋ ሥር ገባህ። በጉልበትህ እየዳኽክ፣ አቧራ እያስነጠሰህ አብረኸኝ ፈለግህ። እራት እንኳ ሳትበላ ወደ ዋይትሆል ተመልሰህ የድሮውን አፓርትመንት ቆሻሻ መጣያ አየሁ አልከኝ። ሳለቅስ ራሴን ይዘህ «ጌታ ያውቃል፣ አንድ ቀን ከአንድ ቦታ ይወጣል» አልክ። ደምሴ፣ ፎቶውን መሸጥህን ይቅር ልልህ እችል ይሆናል። አልጋ ሥር መግባትህን ግን ምን ላድርገው?

አንተ ካረፍክ በአምስተኛው ወር አንድ ሰው ኮል አደረገልኝ። ዴል እባላለሁ አለኝ፤ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፣ ቤቱ ከኮለምበስ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ከምናምን ይርቃል። ድምፁ ጨዋ ነው። ማረፍህን ገን ሾው ላይ ሰምቶ ስልካችንን ከነጋዴው ወስዷል። «ባለቤትሽ የሸጠልኝ የአያቱ ጠመንጃ እኔ ጋ ነው፣ የአያቱም ፎቶ ግድግዳዬ ላይ አለ፤ ቤተሰቡ ማየት ከፈለገ ቤቴ ክፍት ነው» አለኝ። ያንተ አያት ፎቶ ተነስተው እንደማያውቁ ራስህ ነግረኸኝ ነበር። «ፎቶው ምን ይመስላል?» አልኩት። «ቀጭን ሰው ነው፤ የካፖርቱ እጅጌ ጣቶቹን ይሸፍናል» አለ።

ስልኩን ይዤ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ቀን ከሩት ጋር ሄድን። መንገዱን ሙሉ በቆሎ እርሻ ነው። ሩት «ማም፣ ፕሊስ፣ ዶንት የል፣ እንዳትጮኺበት» እያለች ነዳች። ሰውዬው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን፣ ለአክብሮት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ሳሎኑ ውስጥ ከፍ ብሎ ጠመንጃው ተሰቅሏል፣ ሥሩ አባቴ አለ።

አባቴ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ አየሁት፤ የሩት ግንባር የእሱ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከጎኑ አንተ በእንግሊዝኛ የጻፍከው ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ተሰቅሏል። ሩት አነበበችልኝ። ኮሎኔል ይላል። የንጉሡ ክብር ዘበኛ፣ በሦስት ጦርነት የቆሰለ፣ ይህን ጠመንጃ እስከ ዕለተ ሞቱ ከእጁ ያልለየ። ሰደፉ ላይ የተቀረጸው «ለንጉሤና ለአገሬ እስከ ሞት» የሚል ቃለ መሐላ ነው ይላል። ከሥሩ ፊርማህ አለ፤ የሩት ትምህርት ቤት ወረቀት ላይ የምትፈርመው፣ ያው የተጠማዘዘው ፊርማህ።

አባቴን ኮሎኔል አደረግኸው። አባቴ አሰላ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበር። ካፖርቱ የመጋዘኑ ነው፣ ከእሱ በፊት የነበረው ዘበኛ ወፍራምና ረጅም ስለነበር ነው እጅጌው የተረፈው። የሚጠብቅበት ጠመንጃም የመጋዘኑ ነው፤ ማታ ይቀበላል፣ ጠዋት ያስረክባል። አንድ ጊዜ ጅብ አባርራለሁ ብሎ ወደ ሰማይ ተኩሶ አለቃው ስለ ጥይቷ ወር ሙሉ እንደጮኸበት እናቴ እየሳቀች ትነግረን ነበር። ይህን ሁሉ ላንተ የነገርኩህ እኔ ነኝ። ስቀህ ነበር። ስትስቅ ምን እያሰብክ ነበር?

ዴል ሻይ አቀረበልን። አልጠጣሁም። «ይህ ሰው የባለቤቴ አያት አይደለም፣ የእኔ አባት ነው፤ ፎቶውን ስጠኝ» አልኩት። ደነገጠ፣ ግን ወዲያው እሺ አላለም። «እመቤት፣ እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የገዛሁት። ከተለያዩ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ» አለ።

«አባቴ ዋጋ የሚያጣው ካንተ ጠመንጃ ሲለይ ነው?» ብዬ ጮኽኩ። ሩት እጄን ያዘችኝ፤ አስለቀቅኳት።

ሽማግሌው ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ያንተን ምስጢር የነገረኝ ያኔ ነው። «ይህን ዓይነት ጠመንጃ ብዙ አይቻለሁ። ቁጥሩ የገጠመ፣ እንጨቱ ያልተነካ፣ ምልክቱ ያልተፋቀ፣ ሁሉም ጥሩ ዋጋ አለው። ግን ይዞት የነበረው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሺህ ጠመንጃ አለ፣ ሰውየው የለም። ስምና ፊት ያለው ሲገኝ ሰብሳቢ የጠየቁትን ይከፍላል። እኔም የከፈልኩት ለብረቱ አይደለም፣ ለሰውየው ነው። ባለቤትሽ ሰውየውን ሰጠኝ» አለ። ቀጥሎ የራሱ አባት ከጦርነት ተመልሶ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ እንደሞተ ነገረን። በዚያ ፋንታ የአባቴን ታሪክ በየዓመቱ ለልጅ ልጆቹ ይተርክላቸዋል። ማለቴ ያንተን ታሪክ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ጠመንጃውን አውርደው» አልኩት። አውርዶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። እስከዚያ ቀን ድረስ በአንዱም ጠመንጃህ ላይ እጄን አሳርፌ አላውቅም። ሰደፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። ፊደሉ በቢላ ጫፍ የተቀረጸ ነው፣ የተጣመመ፣ ግን ይነበባል። ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ያስቆጠርናት ልጅህ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሳ ከእኔ ቀድማ አነበበችው፤ «ይ-መ-ር» አለች፣ ከሥሩ ደግሞ «ዘ-ነ-ቡ»። ይኸው ነው። ይመር። ዘነቡ። ንጉሥ የለም፣ መሐላ የለም። አንድ ይመር የሚባል ሰው የራሱን ስም ጽፎ ከሥሩ የአንዲት ሴት ስም ጻፈ። ሚስቱ ትሁን እናቱ፣ ልጁ ትሁን፣ ማንም አያውቅም። አንተ ይህን አንብበሃል። ከማንም በፊት ያነበብከው አንተ ነህ። የሁለት ሰው ስም ደምስሰህ በላዩ የራስህን ፈጠራ ጻፍክበት።

ለሰውዬው ነገርኩት፣ ሩት አስተረጎመችልኝ። ስለ አባቴም ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ካፖርቱ፣ ስለ ጅቡ። ፎቶውን ከመስታወቱ ቢያወጣው ጀርባው ላይ በእናቴ እጅ «ወንድምአገኘሁ፣ አሰላ» የሚል እንደሚያገኝ ነገርኩት። ጠመንጃ መፍቻ ከመሳቢያ አወጣ። ፈታው፣ ገለበጠው። የእናቴ ጽሑፍ እዚያው ነበር። ሰውዬው ማንበብ ባይችልም ረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ፎቶውን በሁለት እጁ ይዞ ሰጠኝ። ያንተን ወረቀት ደግሞ አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ምን እንዳደረገው አልጠየቅሁም።

ስንወጣ አንድ ነገር ለመነኝ። «የሁለቱን ስም በቋንቋችሁ ጻፊልኝ፣ ከሥሩ አነባበቡንም» አለኝ። ጻፍኩለት። ይመር። ዘነቡ። «ዋጋው አሁን ስንት እንደሚሆን እንጃ» አለና ሳቅ ብሎ፣ «ግን እውነተኛ ነው» አለኝ። ለማላውቀው ፈረንጅ አዘንኩለት። ላንተ ግን አላዘንኩም።

በመመለሻችን ሩት «ማም፣ ሂ ዲድ ኢት ፎር አስ፣ ለእኛ ብሎ ነው። ለቤቱ ነው» አለችኝ። እውነቷን ሊሆን ይችላል። ያን ሰሞን ለቤቱ ቅድመ ክፍያ፣ ለዳውን ፔይመንቱ፣ የጎደለንን ገንዘብ «ኦቨርታይም ሠርቼ ነው» ብለህ ያመጣህ ጊዜ ትዝ አለኝ። ያን ቀን ተንበርክከን ጌታን አመሰገንን። አሁን የምተኛበት ቤት ውስጥ የአባቴ ፊት አለበት ማለት ነው፤ የትኛው ግድግዳ እንደሆነ አላውቅም እንጂ። ብትጠይቀኝ ምን ነበር ደምሴ? ምናልባት እሺ እልህ ነበር። ኮፒ አድርገን እንስጣቸው እል ነበር። አልጠየቅኸኝም፣ ምክንያቱም እውነቱን እንድትጽፍ እንደማስገድድህ ታውቅ ነበር። የዘበኛ ፎቶ ደግሞ ዋጋ አያወጣም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ይሻለኝ ነበር። ቤት ገብቼ ካዝናህን ከፈትኩ። ከጠመንጃዎቹ ኋላ ቡናማ አቃፊ አገኘሁ፤ ውስጡ ሦስት ፎቶና ሦስት ያላለቁ ወረቀቶች ነበሩ። ፎቶዎቹን አወቅኋቸው። «ለቤተ ክርስቲያኑ መታሰቢያ መጽሐፍ» እያልክ ከሽማግሌዎቹ የሰበሰብካቸው ናቸው። አንዱ የእትዬ ብርቄ ወንድም ነው፤ ሄዶ ያልተመለሰው። ወረቀቱ ላይ ሻለቃ አድርገኸዋል። እትዬ ብርቄ ሞርስ ሮድ ካለው ሱቅ ስንገናኝ ሁልጊዜ «መጽሐፉ የት ደረሰ?» ትለኝ ነበር፣ እኔም «ደምሴ እየሠራበት ነው» እላት ነበር። ሳላውቀው ያንተን ውሸት እኔም ዋሽቻለሁ።

ፎቶዎቹን በየቤታቸው ሄጄ መለስኩ። እትዬ ብርቄ ፎቶውን ስማ ደረቷ ላይ ያዘችው፤ ምንም አልጠየቀችኝም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ጋሼ ታምራት፣ ካንተ ጋር ገን ሾው ይሄዱ የነበሩት፣ የአባታቸውን ፎቶ ሲቀበሉ ተቆጡኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዝም ብትይ ምን ነበረበት? ሰውየው አርፏል» አሉኝ። «እሱ አርፏል፣ እኔ አላረፍኩም» አልኳቸው። እሳቸውም ያውቁ እንደነበረ ከዓይናቸው ገባኝ። ፎቶ ከሰጡህ ሰዎች የሁለቱ ግን አቃፊው ውስጥ የለም። ለማን እንደሸጥክ አልጻፍክም። ከሁለቱ አንዷ በየእሑዱ ከጸሎት በኋላ ትጠብቀኛለች። «አገኘሽው?» ትለኛለች። አላገኘሁም። የእሷን ዓይን የማየው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዎች ፊት ቆሜም ተናገርኩ። ስምህን ጠርቼ፣ ያደረግኸውን ዘርዝሬ። ሩት ውኃ አመጣችልኝ። ከኋላ ወንበር ተነስተው የወጡ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የማይሉኝም አሉ።

ጠመንጃዎቹን አንድ ሰብሳቢ ቤት ድረስ መጥቶ አያቸው። በትንሽ ባትሪ ቁጥራቸውን አንድ በአንድ አመሳከረ፣ እንጨቱን ዳበሰ፣ አንበሳዎቹን በማጉያ መነጽር አየ። «ጥሩ ሰብሳቢ ነበር» አለኝ ስላንተ። ከዚያ፣ እንደጠበቅሁት፣ «አብሯቸው የሚሄድ ወረቀት ወይም ታሪክ አለ?» አለ። ያላለቁትን ወረቀቶች ቀድጄ ጥያቸዋለሁ። «ምንም የለም፤ ማን እንደያዛቸው አይታወቅም» አልኩት። ዋጋውን ቀነሰ። ተቀበልኩት። በገንዘቡ የመቃብር ድንጋይ አሠራሁልህ።

ስለ ድንጋዩ ደግሞ ከሩት ጋር ተጣላን። እሷ «የተወደደ ባልና አባት» ይባልበት አለች። እንዳይከፋህ፣ ልጅህ አሁንም ትወድሃለች፤ እንድትጠላህም አልፈልግም። እኔም ብሆን የበረዶ ቀን ከእኔ ቀድመህ ተነስተህ መኪናዬን ታሞቅ የነበረውን አልረሳሁም። እናቴ አገር ቤት የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ከሥራ ቀርተህ እግሬ ሥር ተቀምጠሃል። ይህን ያደረገውና አልጋ ሥር ገብቶ የሸጠውን ፎቶ የፈለገው አንድ ሰው ነው። ሁለት ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር፣ አንዱን እቀብር፣ ለአንዱ አለቅስ ነበር።

እሷንም እሺ አላልኳትም። ድንጋዩ ላይ ያለው ስምህ፣ የአባትህ ስም፣ የተወለድክበትና የሞትክበት ዓመት ብቻ ነው። ሁሉም እውነት ነው። ጠራቢው ከሥሩ ምን ልጨምር ሲለኝ «ለጊዜው ምንም፣ ግን ቦታ ተውልኝ» አልኩት። አንድ መስመር የሚያህል ባዶ ትቶልኛል።

ትናንት ሄጄ ነበር። ሣሩ በቅሏል። አልረሳህም፤ መርሳት የምችል ቢሆን ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እኖራለሁ፣ አስታውስሃለሁ፤ መኪና አሞቂውንም ሌባውንም፣ አንዱን ለሌላው ስል ሳላስቀር። ይቅር ያልኩህ ቀን ጠራቢውን እጠራዋለሁ። ዛሬ አልጠራሁትም።

ባለቤትህ፣
አስቴር ወንድምአገኘሁ